ቆጮ በዝርዝሩ ውስጥ የለም

ዲላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለማርቲ፣ ባንኮ ጎቲቲ

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሻንጣዬን ጠቅልዬ ጨርሻለሁ፤ ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ እሳፈራለሁ። ሳልሰናበትሽ መሄዴ ከንክኖኛል፤ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለህ ያለኝ ክሊኒክ ራሱ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከላቦራቶሪው ወንበር ሊያላቅቀኝ አልፈለገም። ይቅር በይኝ፤ ለገና እመጣለሁ።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ አዎ ነው። የሉሲ የደም ውጤት ከአዲስ አበባ ደርሷል። በስልክ ያልነገርኩሽ አንድም እናንተ ጋ ኔትወርክ ጉብታ ላይ ካልወጡ ስለማይገኝ፣ አንድም ያቺ ልጅሽ ጆሮዋን ከስልኩ ላይ ስለማታነሳ ነው። ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ። በሠላሳ ስድስት የምግብ ዓይነት ተመርምራ በአሥራ አራቱ ደሟ ተቆጥቷል። በቀይ ያሰመርኩባቸው ናቸው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተር፣ የበሬ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሌላውን ከወረቀቱ ታነቢዋለሽ። ያ መላ ሰውነቷን የሚያሳክካት ሽፍታ ከየት እንደመጣ እንግዲህ ታወቀ ማለት ነው።

ታረቀኝ «ስድስት ዓመት ወተት ስትጠጣ ኖራ ምን ሆነች?» ማለቱን ጽፈሽልኛል። ባልሽን አከብረዋለሁ፤ ግን እሱ ቡናውን ይጠብ፣ ደሙን ለእኔ ይተውልኝ። ሰው ይሳሳታል እንጂ ደም አይዋሽም።

ስለ ቆጮ አትጨነቂ። ቆጮ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እነዚያ መመርመሪያውን የሠሩ ሰዎች እንሰት የሚባል ተክል መኖሩንም አያውቁ፤ ስለዚህ የፈለገችውን ያህል ትብላ። ጎመንም የለም።

ለሉሲ ለብቻዋ አንድ ገጽ ጽፌላታለሁ፣ በትልልቁ። እናቷ አስተማሪ ሆና ማንበብ በጊዜ ስላስቻለቻት ራሷ ታንብበው። ከታች የላቦራቶሪውን ማህተም አድርጌበታለሁ፤ የጎረቤት ሰው ማህተም ካየ አይከራከርሽም።

ወንድምሽ ሲላስ


ባንኮ ጎቲቲ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲላስዬ፣ የእናቴ ልጅ

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱስ? ጋቢህን ዲላ በሩ ኋላ ሰቅለኸው ሄደሃል አሉ፤ አንተ ጭንቅላትህ አንገትህ ላይ ባይተከል ኖሮ እሱንም ትረሳው ነበር። በነዚፍ አይሱዙ ልኬልሃለሁ። ነዚፍ ከገደብ ከተማ ቡና ጭኖ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ስለሚመላለስ ከእንግዲህ ደብዳቤያችንም የሚሄደው በእሱ ነው።

እኛ ደህና ነን። አዎ፣ ሁሉንም እንዳልከው አድርጌያለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሽሪምፕ ምን እንደሆነ ርዕሰ መምህራችንን ጋሽ ይርጋን ብጠይቀው «የባሕር አንበጣ ነገር ነው» አለኝ። ባንኮ ጎቲቲ ባሕር የመጣ ቀን እንጠነቀቃለን።

የሉሲን ገጽ መጀመሪያ በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ሊጡ ስንዴ መሆኑ ትዝ አለኝና እንደ እብድ ልጬ አውርጄ ግድግዳውን አጠብኩ። አሁን በአራት ሚስማር መትቼዋለሁ። በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ፊቱ ቆማ ታነበዋለች። ባለፈው እሑድ በሰንበት ትምህርት ለልጆቹ ዳቦ ሲታደል እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አሥራ አራቱንም በቃሏ ወጣችላቸው፤ መጨረሻ ላይ «ማህተም አለው» ብላ ጨመረች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ፣ ትንሽ ግን ሆዴ ባባ።

ማህተም ማድረግህ በጀኝ። እዚህ ልጅ በደጃፍ ካለፈ ሳያጎርሱ መልቀቅ ነውር እንደሆነ ታውቃለህ። እኔ ብከለክል «አስተማሪዋ ምግባችንን ተጸየፈች» ብለው ያኮርፉኝ ነበር። አሁን ሉሲ ራሷ ማህተሙን ስትነግራቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ሽፍታው ቀዝቀዝ ያለ ይመስለኛል። ሲመሽ ግን አሁንም ታካለች። እኔንና ታረቀኝንም ሰሞኑን ያሳክከን ጀምሯል፤ ከሐሳብ ይሆናል።

እህትህ ማርቲ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማርቲ

ሰላም ይብዛልሽ እህቴ። ጋቢው ደርሶኛል፤ ነዚፍን አመስግኚልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽ አንድም አለመመለሴ አሳፍሮኛል። ትምህርቱ ፋታ አይሰጥም።

ስለ ባቄላ፣ ምስርና አተር የጠየቅሽኝ፦ በወረቀቱ ላይ የሉም፤ ነገር ግን ለውዝና አኩሪ አተር የጥራጥሬ ወገን ናቸው። ለጥንቃቄ ሁሉንም ተያቸው። ስለ ጤፍም እንደዚሁ፣ እህል ነው፤ ለጊዜው ይቆይ።

ታረቀኝ በድብቅ ወተት እንዳጠጣት ስሰማ በጣም አዝኛለሁ። «ይኸው ምንም አልሆነችም» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ ባይታይ ነገ ይታያል። ሉሲ ራሷ መጥታ መናገሯ ግን አኮራኝ። ሞትኩ ብላ ሌሊቱን ማልቀሷን ስትጽፊልኝ እንባዬ መጣ፤ ቢሆንም ከወተቱ ፍርሃቱ ይሻላታል። ንገሪያት፣ አጎትሽ ጎበዝ ብሎሻል በያት።

ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ያልሽው አያስጨንቅሽ። ሰውነቷ ከብዙ ዓመት ቁጣ እያረፈ ነው።

ለገና መምጣት አልችልም፤ ፈተና አለብኝ። እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ።

ሲላስ


ባንኮ ጎቲቲ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲላስዬ

ገና ያለ አንተ አለፈ። አልተቆጣሁህም፤ ትንሽ ተቆጥቼ ነበር፣ አልፎልኛል።

ዛሬ የምሥራች አለኝና ተቀመጥ። ሉሲ ጉንጯ ሞላ! ያ ከሲታ ፊቷ ድቡልቡል ብሏል። በበዓሉ የመጣ ሰው ሁሉ «ምን ብታበዪያት ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም «ወንድሜ ነው» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። እግሯም ወፍሯል። ለገና የገዛሁላት ጫማ ስገዛው በልኳ ነበር፤ በሳምንቱ አልገባ አላት። ታረቀኝ ጣቱን እግሯ ላይ ጫን አድርጎ «እዪ፣ ጉድጓዱ አይመለስም» ይለኛል። እሱ በሁሉ ነገር ጉድጓድ ይፈልጋል።

ጸጉሯ ትንሽ ሳስቶ ቀላ ብሏል፤ ከፀሐዩ ነው መሰለኝ። መሮጥ ትታለች፤ ሌሎቹ ሲጫወቱ ደፉ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ነገረ ሥራዋ ሁሉ እንደ ትልቅ ሰው ሆኗል። ቆጮውንም ሦስት ጊዜ ጎርሳ «በቃኝ» ትላለች።

ታረቀኝና እኔ ሰሞኑን ብዙ አንነጋገርም። ለምን ብለህ በስልክ ለጠየቅኸኝ ይኸው ነው መልሱ። «የልጄን ጉሮሮ ወንድምሽ በወረቀት ዘጋው» አለኝ። ይህን ማለቱን እንዳትይዝበት፤ የቡናው ሥራ አድክሞት ነው።

ያሳደግኩህ እህትህ ማርቲ


አዲስ አበባ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማርቲ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁላችሁም ደህና በመሆናችሁ ጌታ ይመስገን።

ስልኩ ለምን አይሠራም ብለሽ ይሆናል፤ ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ተሰርቄያለሁ። ሌላ እስካገኝ ትንሽ ይቆያል። የምትጽፊውን ነዚፍ በግቢው በር ለጥበቃው ለጋሽ አለባቸው ይስጥልኝ።

እዚህ ብርዱ በርትቷል። ትምህርቱም ከብዷል። አንዳንድ ነገር በሥራ ዓለም አውቀዋለሁ ብሎ ሰው የሚኮራበት እዚህ ሲመጣ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የሰው እውቀት ትንሽ ናት። ወደፊት ስንገናኝ በሰፊው እነግርሻለሁ።

ታረቀኝን ሰላም በይልኝ። አልተቀየምኩትም። ሉሲን ሳሚልኝ።

ሲላስ

ለማንኛውም ሉሲን ጤና ጣቢያ አሳያት።


ዲላ፣ ሆስፒታል፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲላስ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ፈጥነህ አንብበው።

ሉሲ ከተኛች አምስት ቀኗ ነው። ጤና ጣቢያው እንዳያት አንድ ሰዓት እንኳ አላቆያት፣ በአምቡላንስ ወደዚህ ላካት። ውፍረት አይደለም። እብጠት ነው፤ ከምግብ እጥረት። የአስተማሪ ልጅ፣ ቆጮ ሞልቶ በተረፈበት ቤት። ሐኪሙ «ቆጮ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም፤ ወተቱ፣ ባቄላው የት ሄደ?» ሲለኝ ወረቀትህን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ አነበበው። የተናገረውን አሁን አልጽፈውም።

አሁን የሚያስፈልጋት ወተት ነው፣ በልክ እየተሰፈረ የሚሰጥ የሆስፒታል ወተት። አልጠጣም አለች። አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች። እኔ ለመንኳት፣ ሐኪሙ ለመናት፣ ታረቀኝ ፊቷ ራሱ ጠጣላት። «አባዬ፣ አንተ እኮ ወረቀቱ ላይ የለህም» አለችው። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገቡላት፤ ሁለት ጊዜ ነቀለችው። እጇን ይዘን ነው የምንሰጣት፤ ስንሰጣት ሙሉ ጊዜ እያየችኝ ታለቅሳለች። እናቴ ልትገድለኝ ነው ብላ ታስባለች።

«አጎቴ ይጻፍልኝና እጠጣለሁ» ብላለች። ይህን ብቻ ነው የምጠይቅህ። በእጅህ፣ በትልልቁ፣ እንደ መጀመሪያው አድርገህ ጻፍላት። ማህተም አድርግበት። ወይም የሰው ስልክ ለምነህ ደውልልኝና ድምፅህን ትስማው። ሳንባዋም ታሟል ብለውኛል።

ወንድሜ፣ ቶሎ በል።

ማርቲ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ማርቲ

ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘሁት። ለተግባር ልምምድ ወደ ጅማ ሄደን ሁለት ሳምንት ቆይተን ትናንት ተመለስን፤ ደብዳቤው ጋሽ አለባቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ካነበብኩት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ፤ አታነሺም። የታረቀኝም ዝግ ነው።

በምን ስልክ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ስልኬ አልተሰረቀም። ዘግቼው ነበር።

ሁሉንም ልንገርሽ፤ ከዚያ የምትይኝን በይኝ። ጥር 6 ቀን ክፍል ውስጥ ስለዚሁ ምርመራ ተማርን። መምህሩ አንድ ወረቀት አሳየን፣ ልክ የሉሲን የመሰለ፣ በምልክት የተሞላ። «ይህ ወረቀት የሚናገረው የልጁ ደም ወተትን ማወቁን ነው፤ ወተት እንደሚጎዳው አይናገርም» አለ። ብዙ ሰው ደሙ ምልክት እያሳየ ምግቡን በሰላም ይበላል። በልቶ ሲታመም ያልታየን ልጅ በወረቀት ብቻ መከልከል ጥፋት ነው አለን። ሽሪምፕ በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፣ ደሙ ሌላ ነገር ከእሱ ጋር ሲያምታታበት። ስድስት ዓመት ወተት ስትጠጣ ምን ሆነች? ታረቀኝ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ቡና አጣቢው ያወቀውን እኔ ማህተም ይዤ አላወቅኩትም።

በማግስቱ ያ የጫማው ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ማርቲ፣ እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። ጣት ሲጫን የማይመለስ ጉድጓድ ምን እንደሆነ ከማንበቤ ገባኝ። አንቺ የምሥራች ብለሽ ጽፈሽልኛል። ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አነሳሁ፣ ከዚያ ያንቺን ድምፅ ፈራሁ። «ወንድሜ ነው እላለሁ» ያልሽው ዓይኔ ላይ መጣ። ስልኩን ዘጋሁት። አምስት ቀን ስጽፍ ስቀድ ቆይቼ መጨረሻ ላይ ያቺን አንዲት መስመር ከስሜ በታች ጣልኳት፤ ጤና ጣቢያው ይነግራታል ብዬ፣ እኔ እንዳልነግርሽ። ለዚህ ይቅርታ የሚባል ነገር ይበቃ እንደሆነ አላውቅም።

ለሉሲ የጻፍኩትን ለብቻው አጥፌ ውስጡ አድርጌዋለሁ። የክሊኒኩን ማህተም ስለቅ አስረክቤያለሁ፤ እዚህ ማህተም የሚመታልኝ ሰው ለመንኩ፣ አላገኘሁም። በሰማያዊ እስክሪብቶ ክብ ስዬ ዙሪያውን ስሜን ጽፌበታለሁ። በደንብ ነው የሳልኩት። ነዚፍ አሁን ሊነሳ ነው፤ ነገ ይደርሳል።

እኔ ራሴ መምጣት ይገባኝ ነበር። ታረቀኝ ፊት የምቆምበት ዓይን የለኝም። ልምጣ ወይ? ና ካላችሁኝ በዚያው ቀን እነሳለሁ።

ሲላስ

ለሉሲ፦

ሉሲዬ፣
እኔ አጎትሽ ሲላስ ነኝ።
ያ ወረቀት ተሳስቷል።
የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንቺ አላጠፋሽም።
ወተት ጠጪ። ነርሷ የምትሰጥሽን ሁሉ ውሰጂ።
ምንም አትሆኚም።
እማዬን እመኛት።


ባንኮ ጎቲቲ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲላስ

ሰላምታውን ጀምሬ ተውኩት።

ነዚፍ ደብዳቤህን ሆስፒታል ይዞ ሄዶ አጥቶን እዚህ ድረስ አመጣው። ለቅሶ ቤት መሆኑን ከደጅ ሲያይ ሳይቀመጥ ሰጥቶኝ ሄደ። ሉሲ የካቲት 8 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አረፈች። በማግስቱ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። ስልኬ የት እንደገባ አላውቅም፤ አሥራ አንድ ጊዜ መደወልህን ያወቅኩት ከደብዳቤህ ነው። አንተ ስትደውል ካረፈች አምስት ቀኗ ነበር።

የጻፍክልኝን ነገር ሐኪሙ በገባን ቀን ነግሮኝ ነበር። ሽፍታውንም በዓይኑ አይቶ ነው ያወቀው። ተራ እከክ ነው አለኝ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ። የእኔንና የታረቀኝን ጣቶች ከፍቶ አየ፤ እኛም አለብን። አንድ ቅባት ሰጠን፣ ሦስታችንም ተቀባን። እሷ በሳምንት ውስጥ ተሻላት። ስገንዛት ቆዳዋ ንጹሕ ነበር።

አንተን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስልህ። ያቺን መስመርህን አንብቤያታለሁ። «ለማንኛውም» ስላልክ የሚያስቸኩል አልመሰለኝም። የተማሪዎቼ ፈተና ሳምንት ነበርና እሱ ይለቅ ብዬ ዘጠኝ ቀን አቆየኋት። ዘጠኙን ቀን ቆጮና ጎመን አበላኋት። በየጠዋቱም ወረቀቱን አስነበብኳት። ከአንተ በላይ በእጄ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

መጨረሻዋን ትጠይቀኛለህ፤ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ትጊ የምትባል ነርስ ነበረች፣ ደግ ልጅ። አንተ እንደዘገየህ ሲገባት እሷ ራሷ «ሉሲ ወተት መጠጣት ትችላለች» ብላ በትልልቁ ጽፋ የክፍሉን ማህተም መታችበት። ሉሲ ቀና ብላ አነበበችው። ማህተሙን በጣቷ ነካካችው። ቀና ብላ አየችንና «የአጎቴ አይደለም» አለች።

ለእሷ የላክኸውን ከፍቼዋለሁ። ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አንዱም ከአንዱ አልተነካካም። ክቡም በደንብ ተስሏል። ታነበው ነበር።

ልምጣ ወይ ላልከው፣ ታረቀኝን ጠየቅኩት። ተነስቶ ወጣ። እኔ ግን ና እልሃለሁ። ያ ወረቀት አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ ያነበዋል። ታረቀኝ ሊነቅለው ሁለት ጊዜ ተነስቶ አጠገቡ ደርሶ ተመለሰ፤ ዝቅ ብሎ የተመታ ነው፣ በእሷ ቁመት፤ የጣቷ እድፍ በየመስመሩ ሥር አለ። እኔም አልቻልኩም። መጥተህ አንተ ንቀለው።

ማርቲ